ስድብ የሆነ ስም፦ «ቅጥቅጥ» እና የላሜራ ሠራተኞቻችን ታሪክ

የኢትዮጵያ ኢንዱስትሪ ታሪክ ሲነሣ ሁላችንም ከጋፋት እንነሣለን። ዐፄ ቴዎድሮስን፣ ሴባስቶፖልንና መቅደላን ጠቅሰን እንቆጫለን። ከዚያ መቶ ዓመት ዘለን ስለ አንድ ፋብሪካ ምርቃት ወይም ስለ አንድ ፋብሪካ መክሰር እንከራከራለን። በመካከሉ ያለውን፣ በየጋራዡ ቱታ ለብሶ ብረት ሲቀጠቅጥ የኖረውን ሰው ግን የሚያነሣው የለም። ይህን ስል ሌላውን ብቻ መውቀሴ አይደለም። እኔም ብሆን እስካለፈው ኅዳር ወር ድረስ ልጽፍበት አስቤ አላውቅም ነበር።

የምኖረው ሄርንደን፣ ቨርጂኒያ ነው። ሰፈራችን ለደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ቅርብ ስለሆነ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ጅራቱ ላይ ያለውን ቀለም ከበረንዳዬ ላይ ሆኜ አየዋለሁ። ባለፈው ኅዳር ዘመድ ልቀበል ሄጄ፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ አንድ ሰው የመኪናዬን ፓራፋንጎ ገጨብኝ። የመዳፍ ያህል ገባ እንጂ ቀለሙ እንኳ በቅጡ አልተላጠም። የወሰድኩበት ጋራዥ ወጣቱ ሠራተኛ አየት አደረገውና «ይህ አይጠገንም፤ ተነቅሎ አዲስ ይገባል፤ ዕቃው እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ይፈጃል» አለኝ። «መዶሻ የላችሁም ወይ?» ብዬ ጠየቅኩት። ሳቀ። የቀለድኩ መስሎት ነው። እኔ ግን ባትላሜራ ያሳደገኝ ሰው ነኝ።

ያሳደገኝ አጎቴ ነው። ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራው። አዲስ አበባ ውስጥ አርባ ዓመት ያህል የመኪና አካል ሲቀጠቅጥ ኖሯል። የትምህርት ቤት ክፍያዬን የከፈለው፣ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ፍራሽና ብርድ ልብስ የገዛልኝ እሱ ነው። ተማሪ ቤት «አሳዳጊህ ምንድን ነው ሥራው?» ስባል ግን «ጋራዥ አለው» እል ነበር። ጋራዥ አልነበረውም። የነበረው አንድ ሣጥን መዶሻ ነው። ባትላሜራ ነው ማለት ያሳፍረኝ ነበር። ለምን እንዳሳፈረኝ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

ስሙ የጣልያን፣ ግሡ የኛ

በ1900 ዓ.ም. በአንዲት ዓመት ውስጥ ሁለት ነገሮች ሆኑ። አንደኛው፣ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሲድሊ የምትባል መኪና ከባሕር ጠረፍ ጀምሮ በረሃውንና ተራራውን አቋርጦ አዲስ አበባ አስገባት፤ ዳግማዊ ምኒልክም ተሳፈሩባት። ሁለተኛው፣ እኒሁ ንጉሠ ነገሥት የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ብረት ሠሪውን «ጠይብ»፣ ሸማኔውንና ቆዳ ፋቂውን በየስማቸው እያነወሩ መስደብ እንዲቀር፣ የሚሳደብም እንዲቀጣ ታወጀ። መኪናውና አዋጁ በአንድ ዓመት መምጣታቸው አጋጣሚ ነው። ነገር ግን አንዱ ያለ ሌላው እንደማይሆን ንጉሡ የገባቸው ይመስለኛል። መኪናው ተወደደ፣ አዋጁ ግን ተረሳ። ብረት ቀጥቃጭን «ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል» የሚለው ሐሜት እኔ እስካደግኩበት ዘመን ድረስ ዘልቋል።

ከዚያ ጣልያን መጣ። ከ1936 እስከ 1941 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በቆየበት አምስት ዓመት መንገድ ሠራ፣ ብዙ የጭነት መኪና አስገባ፣ ጋራዥ ከፈተ። ከነፃነት በኋላም ጥቂት የማይባሉ ጣልያናውያን ባለሙያዎች በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ በአገር ቀሩ። በየጋራዡ ቁልፍ ሲያቀብሉ፣ ላሜራ ሲይዙ የነበሩት የኛ ልጆች ሙያውን በዓይናቸው ቀሰሙ። ትምህርት ቤት የከፈተላቸው አልነበረም። የቀሰሙትን የምናውቀው በቋንቋው ነው። ላሜራ፣ ኮፈን፣ ፓራፋንጎ፣ ፓራውልት፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ስቱኮ፣ ቱቦላሬ፣ ፖርቶ መጋላ የምንላቸው ሁሉ ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። «ባትላሜራ» ራሱ በጣልያንኛ «ላሜራ መቺ» ማለት ነው።

አንድ ቃል ግን ከጣልያን አልተዋስንም። እሱም ሥራውን የሚገልጸው ግሥ ነው። «ቀጠቀጠ» ከግዕዝ ጀምሮ የኛ ነው። ማረሻ የሠራው ቀጥቃጭ፣ ጦር የሠራው ቀጥቃጭ፣ ኮፈን ያቃናውም ቀጥቃጭ ነው። ዕቃው በባዕድ ስም ቢጠራም እጁ የድሮው እጅ ነበር። ንቀቱም አብሮት መጣ።

ከውይይት እስከ ቅጥቅጥ

በደርግ ዘመን አዲስ አበባ የኖረ ሁሉ «ውይይት»ን ያስታውሳል። ፔጆ 404 ፒክአፕ ነው። ከኋላ ያለው ክፍት ጭነት መያዣ ጣራ ተሠርቶለት፣ ግራና ቀኝ አግዳሚ ተገጥሞለት ታክሲ ሆነ። ተሳፋሪው ጉልበት ለጉልበት ተጋጥሞ፣ ፊት ለፊት እየተያየ ስለሚሄድ፣ ዘመኑም የውይይት ክበብ ዘመን ስለነበር ሕዝቡ ስሙን አወጣለት። በስሙ ሁላችንም ስቀናል፤ ጣራውን ማን ሠራው ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

ቀጥሎ የመጣው ቅጥቅጥ ነው። ለማያውቁት አንባብያን ላስረዳ። አንድ ሰው አይሱዙ ኤን ፒ አር የጭነት መኪና ይገዛል። የጭነት መያዣው ይቀርና፣ አንዳንዴም ሻንሲው ተቆርጦ ይረዝምና፣ በላዩ ላይ በቱቦላሬ አጽም ይበየዳል። አጽሙ ላሜራ ይለብሳል፣ መስኮት ይወጣለታል፣ ወንበር ይደረደርበታል፣ ጣራው ላይ ፖርቶ መጋላ ይጫንበታል። ሁሉም በእጅ ነው። ከአውራጃ አውራጃ፣ ከገጠር ከተማ፣ ትልቁ አውቶቡስ በማይገባበት ፒስታ ላይ የሚሄደው እሱ ነው። ሕዝቡ «ቅጥቅጥ» አለው፤ የተቀጠቀጠ ማለቱ ነው። ስሙ ሙገሳ አይደለም። «በቅጥቅጥ መጣሁ» የሚል ሰው አቧራውን እያራገፈ ነው የሚናገረው።

ነገሩን ረጋ ብለን ካየነው ግን ቅጥቅጥ ኢትዮጵያውያን ራሳቸው ልክ አውጥተው፣ ራሳቸው ቅርጽ ሰጥተው በብዛት የሠሩት የመኪና አካል ነው። ባለቤቱ «ሁለት ወንበር ጨምርልኝ» ሲል ይጨመራል፤ «በሩ ከኋላ ይሁን» ሲል ከኋላ ይሆናል። ይህን ከተራ ነገር የምንቆጥር ካለን፣ የዓለም መኪና ፋብሪካዎች ይህንኑ ለማድረግ ስንት እንደደከሙ ልንገራችሁ።

ዳይ የሌለው ምን ያድርግ?

የዘመናዊ መኪና አካል የሚሠራው በማተም ነው። ወንድና ሴት የሆኑ፣ «ዳይ» የሚባሉ ጥንድ የብረት ቅርጾች አሉ። ላሜራው በመካከላቸው ይገባና ትልቅ ፕሬስ ይጫነዋል። በጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ፓራፋንጎ ይወጣል። ይህን መንገድ ያስፋፋው ኤድዋርድ በድ የተባለ አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 ፊላዴልፊያ ኩባንያውን አቋቁሞ፣ ብዙም ሳይቆይ ለዶጅ ወንድማማቾች ሙሉ በሙሉ የብረት የሆነ አካል ማቅረብ ጀመረ። ከዚያ በፊት የመኪና አካል እንደ ጋሪ በእንጨትና በእጅ ይሠራ ነበር።

ችግሩ ዋጋው ነው። የአንድ ትልቅ ክፍል የዳይ ስብስብ በመቶ ሺዎች፣ አንዳንዴም በሚሊዮን ዶላር የሚቆጠር ሲሆን፣ አንድ መኪና ከላሜራ የታተሙ ሦስት መቶ ያህል ክፍሎች አሉት። ስለዚህ አንድ ዓይነት መኪና በመቶ ሺዎች ካልተሸጠ ወጪው አይመለስም። ዳዩ ደግሞ አንድ ቅርጽ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ቅርጹ ሲለወጥ ቁርጥራጭ ብረት ይሆናል። ጥቂት መኪና ብቻ የሚፈልግ አገር፣ ወይም ልዩ ልዩ ቅርጽ የሚፈልግ ገበያ ከዚህ ጨዋታ ውጪ ነው።

መሐንዲሶች ከዚህ ማነቆ ለመውጣት ብዙ ሞክረዋል። በ1930ዎቹ ዳግላስ በተባለው የአውሮፕላን ፋብሪካ ጌሪን የተባለ ሰው ከጥንዱ ቅርጽ አንዱን አስቀርቶ በወፍራም ጎማ ተካው። ጎማው ከሥሩ ያለውን ማንኛውንም ቅርጽ ተከትሎ ላሜራውን ስለሚጫነው አንድ ቅርጽ ብቻ፣ ያውም ከርካሽ ነገር የተሠራ፣ ይበቃል። አየር መንገዳችን እ.ኤ.አ. በ1945 ተቋቁሞ በሚያዝያ 1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚሁ በዳግላስ ፋብሪካ ሲ 47 ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የአውሮፕላን ላሜራ የሚቀጠቅጠው ኢትዮጵያዊ ቴክኒሻን በአገር ተከበረ። ምናለሽ ተራ ቁጭ ብሎ የበርሜል ላሜራ የሚቀጠቅጠው ግን ተናቀ። ሙያቸው የአንድ አባት ልጅ ነው። የለያቸው ቱታው ላይ የተጻፈው ስም ነው።

ሌላው ሙከራ ቅርጹን ራሱን ተለዋዋጭ ማድረግ ነው። በኤም አይ ቲና በቻይናው ጂሊን ዩኒቨርሲቲ የተሠሩ ምርምሮች አንዱን ዳይ በብዙ ትናንሽ ዘንጎች ተኩት። የእያንዳንዱ ዘንግ ከፍታ ሲስተካከል አዲስ ቅርጽ ይወጣል።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሦስተኛው መንገድ ነው። ሌሻክ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1967 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ሐሳብ ነው። ላሜራው ዳር ዳሩን ይታሰራል። ጫፉ ክብ የሆነ መሣሪያ በላዩ እየዞረ በጥቂት በጥቂቱ ይጫነዋል። ዳይ የለም፤ ቅርጹ ያለው መሣሪያው በሚሄድበት መንገድ ውስጥ ነው። ሐሳቡ ኮምፒዩተር እስኪበረታ ድረስ ብዙ ቆየ። በ2013 ፎርድ ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ፣ በ2019 ደግሞ ኒሳን፣ ላሜራውን በመካከል አቁመው በግራና በቀኝ ሁለት ሮቦቶች የሚያሠራ ዘዴ አሳዩ። አንዱ ሮቦት ይጫናል፣ ሁለተኛው ከኋላ ይደግፋል። ፎርድ ለናሙና መሥሪያ፣ ኒሳን ደግሞ ማምረት ላቆማቸው መኪናዎች መለዋወጫ ብለው ነው ያቀረቡት።

ይህን የመሰለ ጥናት መጀመሪያ ያነበብኩት እዚህ አገር ሁለተኛ ዲግሪዬን ስሠራ ነው። ሥዕሉን ባየሁ ጊዜ ወረቀቱን አስቀምጬ ዝም አልኩ። ጋሼ ነው። በቀኝ እጁ መዶሻ፣ በግራ እጁ ከላሜራው ኋላ የያዘው ደጋፊ ብረት። መዶሻው ያረፈበት ነጥብ ይሳሳል፣ ይሰፋል፤ የሰፋው መሄጃ ሲያጣ ይነፋል። እንዲህ ነጥብ በነጥብ ጠፍጣፋው ይጎብጣል። ከልክ በላይ የተነፋውን ደግሞ በነበልባል ቀይ እስኪሆን ያግለውና በእርጥብ ጨርቅ ይይዘዋል፤ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። በየመሐሉ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ በመዳፉ ይዳብሰዋል። የኛ መምህራን «ግብረ መልስ» ብለው በሌዘር የሚለኩትን እሱ በመዳፉ ይለካው ነበር። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል ይባል የለ!

ይህ ግን ተረት አይደለም

እዚህ ላይ ብቆም ደስ ይለኝ ነበር፤ ጽሑፉም ያምር ነበር። እውነቱ ግን ግማሽ ይሆናል። ቅጥቅጥ ሰው ይገድላል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጋሼ ጋር በስልክ ስናወራ ይህን የሮቦት ነገር እያጋነንኩ አጫወትኩት። ይደሰታል ብዬ ነበር። ዝም ብሎ ሰማኝና «አንተ ልጅ፣ አንድ ነገር ልንገርህ» አለ። እሱ ከሠራቸው አንዱ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ላይ ተገልብጦ ኖሯል። ወሬውን ሲሰማ በሌላ መኪና ተሳፍሮ ሄዶ አየው። «ላሜራው እንዳለ ነው። እኔ የመታሁት ሁሉ እንዳለ ነው። የተቀደደው መጋጠሚያው ነው። ጣራው ወንበሩ ላይ ተኝቷል» አለኝ። ስንት ሰው እንደሞተ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ከዚያ ወዲህ ፓራፋንጎ እንጂ አውቶቡስ አልሠራም።

እንደ መሐንዲስ ስመለከተው ጋሼ ያየው ትክክል ነው። አውቶቡስ ሲገለበጥ ሰውን የሚያድነው ላሜራው አይደለም። የመስኮቱ ምሰሶ ከወለሉና ከጣራው ጋር የሚገናኝባቸው ማዕዘኖች ናቸው። ቱቦላሬው ያለ ማዕዘን ደጋፊ አፍ ለአፍ ብቻ ከተበየደ እዚያው ላይ ይቆረሳል። ፖርቶ መጋላው ላይ እህልና ጀሪካን ሲከመር ክብደቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ኩርባ ላይ መገልበጡ ይቀላል። በዓለም ደረጃ የተባበሩት መንግሥታት 66ኛው ደንብ የሚባል አለ። አውቶቡሱ 800 ሚሊ ሜትር ከፍታ ካለው መድረክ ላይ ወደ ጎን ተገልብጦ ይጣላል፤ ጣራና ምሰሶው ተሳፋሪው ወዳለበት ቦታ መግባት የለበትም። ህንድም የራሷን የአውቶቡስ አካል ደንብ አውጥታ ትናንሽ ሠሪዎቿን ሥርዓት ለማስያዝ ሞክራለች። ለጋሼ እንዲህ ያለ ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም። የምሰሶውን ውፍረት አስልቶ የሰጠው መሐንዲስም አልነበረም። እኛ መሐንዲሶቹ ቢሮ ውስጥ ነበርን፤ ከዚያም ወደዚህ መጣን።

የተሄደበትና ያልተሄደበት መንገድ

ሌላው አገር ምን አደረገ? በደቡብ ብራዚል ካሺያስ ዶ ሱል በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1949 ጥቂት የእጅ ባለሙያዎች ተሰባስበው በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የአውቶቡስ አካል መሥራት ጀመሩ። አጀማመራቸው ከኛ ቅጥቅጥ የሚለይ አልነበረም፤ እንዲያውም የእነሱ አጽም እንጨት ነበር። ያ የቀጥቃጮች ቤት ዛሬ ማርኮፖሎ ይባላል፤ በዓለም ካሉት ታላላቅ የአውቶቡስ አካል ሠሪዎች አንዱ ነው። ፊሊፒንስም ከአሜሪካ ጦር የተረፈውን ጂፕ ቀጥቅጣ ጂፕኒ አደረገችው። ባለሥልጣናቷ ከ2017 ወዲህ በዘመናዊ ልተካው ሲሉ ሕዝቡ አድማ የመታው የአገር ምልክት አድርጎ ስለሚያየው ጭምር ነው።

እኛስ? እኛ ሌላ መንገድ መረጥን። ሆላንድ ካር የተባለው ኩባንያ መኪናዎቹን አባይና አዋሽ ብሎ ሰየማቸው፤ ላሜራው ግን ታትሞ የመጣው ከውጭ ነበር። ኩባንያውም ከሰረ። በ2010 የተቋቋመው ብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽንም ቢሾፍቱ ላይ አውቶቡስ ገጣጠመ፤ መጨረሻውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መገጣጠም በራሱ ነውር አይደለም፤ ብዙ አገር በእሱ ጀምሯል። ነውሩ ተበትኖ የመጣውን በብሎን ያሰረውን «አምራች» ብለን ሪባን ስንቆርጥለት፣ ከጠፍጣፋ ላሜራ አካል ያወጣውን ግን «ቅጥቅጥ» ብለን መሳደባችን ነው። ስሙ የኛ የሆነውን አከበርን፤ ሥራው የኛ የሆነውን ናቅን።

አሁን ደግሞ ጊዜው እየጠበበ ነው። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክላ በኤሌክትሪክ መኪና ተካችው። የዚህ ዘመን መኪና አካል የድሮው ለስላሳ ላሜራ አይደለም። ብዙው ክፍል ከፍተኛ ጥንካሬ ያለው ብረት ወይም አልሙኒየም ነው። ጋሼ እንደለመደው በነበልባል ቢያግለው ጥንካሬው ይጠፋል። ከወለሉ ሥር ደግሞ ባትሪ አለ፤ እሳት ማስጠጋት አደጋ ነው። መዶሻ ብቻ የያዘ ሰው ከዚህ ወዲያ ሥራ የለውም ማለት ነው። ከነእሱም መቶ ዓመት የተጠራቀመ የእጅ ዕውቀት ይቀበራል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ተአምር አልጠይቅም። አንደኛ፣ ለቅጥቅጥ ሠሪዎች የሚሆን፣ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን በሥዕል የተዘጋጀ የአጽም ደንብ። የቱ ቱቦላሬ፣ የቱ ማዕዘን፣ ስንት ሳንቲ ሜትር ብየዳ። ይህ ስሌቱን ለሚያውቅ ሰው የጥቂት ወራት ሥራ ነው፤ የስንቱን ሰው ሕይወት እንደሚያተርፍ ግን አስቡት። ሁለተኛ፣ ዳይ ከመግዛት ይልቅ ዳይ በማይፈልገው መንገድ መጀመር። የጎማ ፕሬስ ከሰማንያ ዓመት በላይ የቆየ ቴክኖሎጂ ነው። ያገለገለ ሮቦትም እዚህ አገር በጨረታ ይሸጣል። በአንድ የሙያ ኮሌጅ ውስጥ አንድ ሮቦትና አንድ እንደ ጋሼ ያለ ባለሙያ አብረው ቢሠሩ፣ ሮቦቱ ማን እንዳስተማረው ያውቃል፤ ባለሙያውም ሙያው ስም እንዳለው ያውቃል። ሦስተኛው ገንዘብ አይጠይቅም፤ የ1900ውን አዋጅ በልባችን ማጽደቅ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ቡና ይዘን ስለ አገር ስንከራከር እናመሻለን። በየጠረጴዛው ቢያንስ ሁለት መሐንዲስ አይጠፋም። እኔ ከእናንተ አንዱ ነኝ፤ ለዚህ ነው በድፍረት የምናገረው። የደንቡን የመጀመሪያ ሥዕሎች እኔ ጀምሬአለሁ። የምሰሶውን ስሌት የሚያርምልኝ ሰው እፈልጋለሁ።

መኪናዬን በተመለከተ፣ ፓራፋንጎውን አላስቀየርኩትም። መዶሻና ደጋፊ ብረት ገዝቼ በስልክ ቪዲዮ ጋሼ እያየኝ ራሴ ጋራዤ ውስጥ ሁለት ቅዳሜ ሠራሁት። «ቀስ በል፤ እንዳትቸኩል፤ በመዳፍህ ዳብሰው» ይለኛል። ጠጋ ብሎ ላየው አሁንም ያስታውቃል። ጎረቤቴ «ማን ሠራልህ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ግን እንደ ልጅነቴ አልዋሸሁም።

«ያሳደገኝ ሰው ባትላሜራ ነው» አልኩት።

ቸር ይግጠመን።

ሄርንደን፣ ቨርጂኒያ